የጎደለውም ይለካል

ከመሬት ሥር የወጣ የዐለት ኮር ሲያዩት የተሞረደ ዱላ ይመስላል። ኤች ኪው በሚባለው መጠን ሲቆፈር የኮሩ ውፍረት 63.5 ሚሊ ሜትር፣ የጉድጓዱ ስፋት ደግሞ 96 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚፈጨው አልማዝ የተሰካበት ቀለበት ነው፤ መካከሉን አይነካም። ከቀለበቱ በላይ ሁለት ቱቦዎች አሉ። ውጭኛው ይሽከረከራል። ውስጠኛው ሳይዞር ኮሩን ይቀበላል። ውሃ በሁለቱ መካከል ወርዶ ቀለበቱን ያቀዘቅዛል፤ ዱቄቱንም ጠርጎ ይወጣል።

በሰሜን ባሕር የነፋስ ተርባይን ከመተከሉ በፊት አሸዋና ሸክላው የሚመረመረው በሌላ መሣሪያ ነው። ጫፉ 60 ዲግሪ የሆነ የብረት ሾጣጣ በሰከንድ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይገፋል። ፍጥነቱ አይቀየርም። የአንዱ ቦታ ጥንካሬ ከሌላው ጋር የሚነጻጸረው በዚህ ነው።

ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ጉባ ላይ፣ ሾጣጣው አይሠራም። እዚያ ዓባይ የሚፈሰው በጥንታዊ ጠጣር ዐለት ላይ ነው፤ ዐለት ደግሞ የሚጠየቀው በኮር ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 ተፋሰሱን ያጠኑት የአሜሪካ መሐንዲሶች ለግድብ ቀድመው አመልክተውት ነበር። እዚያ የሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዋናው ግድብ ርዝመት 1,780 ሜትር ነው።

ኮሩ ከቱቦው ሲወጣ በወጣበት ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ይደረደራል። ከዚያ ስብራቱ ይመረመራል። ፊቱ ትኩስና ንጹሕ ከሆነ የሰበረው ማሽኑ ነው፤ ሁለቱ ቁራጮች ይገጣጠሙና እንደ አንድ ይለካሉ። ዝገት ወይም ሸክላ ካለበት ስብራቱ የዐለቱ የራሱ ነው፤ ሁለት ቁራጭ ተብሎ ይቆጠራል።

ቁፋሮው 150 ሴንቲ ሜትር ወርዶ 140 ብቻ ወጣ እንበል። ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያንሱት ቁራጮች ይደመራሉ፤ 120 ከሆኑ የዐለቱ ጥራት 80 በመቶ ነው። የሚካፈለው ለወጣው 140 ሳይሆን ለተቆፈረው 150 ነው፤ የጠፋው ከሒሳቡ አያመልጥም።

ያ የጠፋው 10 ሴንቲ ሜትር ሳጥኑም ውስጥ ቦታ አለው። በልኩ እንጨት ይቆረጥለታል፤ ጥልቀቱ ይጻፍበታል፤ ከቁራጮቹ መካከል ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ለስላሳውና የተሰባበረው ክፍል ስለሆነ መሐንዲሱ ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያየው እንጨቶቹን ነው። እንጨት የጎደለው ሳጥን ዐለቱን ከሆነው በላይ ያሞግሳል፤ ግድብ ደግሞ በሙገሳ ላይ አይቆምም።