በሾርባ ማንኪያ ልክ የተሠራች ሞተር
እንግሊዛዊው ኤድጋር ዌስትበሪ የነደፋት «ሲል» የተሰኘች የቤንዚን ሞተር አራት ሲሊንደር አላት። የአራቱ ይዘት ድምር ግን 15 ሲሲ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚይዘውን ያህል ብቻ ነው። ዌስትበሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ለንደን ውስጥ በተጀመረው «ሞዴል ኢንጂነር» መጽሔት ላይ ይጽፍ ነበር፤ አንባቢዎቹም የእሱን ሞተሮች እቤታቸው በተከሉት ቶርኖ ይሠሩ ነበር።

ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመው በሚሊሜትር መቶኛ ተለክቶ ነው። ከጠበቀ ተጣብቆ ይቆማል፤ ከላላ የታመቀው አየር ያመልጣል። ስለዚህ መለካት፣ ትንሽ መላግ፣ እንደገና መለካት ነው። ማንም ሳያዘው፣ ትርፍ ሳይጠብቅ እንዲህ የሚጠበብ ሰው ክብር ይገባዋል። ዳኛውም ሞተሯ ራሷ ናት፤ ልኩ ከተዛነፈ አትነሳም፣ ከሰመረ ትዞራለች።