አሸዋ የሞላ ስልቻ፣ የወይራ መዶሻና የኤንትሬ ፓራፋንጎ

የመኪና ፓራፋንጎ፣ ማለት የጎማው መከለያ፣ በቤት ይሠራል! ይጠገናል አላልኩም። ከጠፍጣፋ ላሜራ ተነሥቶ፣ ያለ ፋብሪካ ፕሬስ፣ መብራት በጠፋበት ቀን ሳይቀር፣ ደባርቅ ውስጥ በአንድ ግቢ ይሠራል። ይህን በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው አቁሜ የማወራው ስለ ላሜራ ብቻ ሆኗል። ቡና ላይ አወራሁ፣ ዕድር ላይ አወራሁ፤ ከጎንደር በሚመጣው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠ ሁሉ ዳባት እስኪደርስ ድረስ ሰምቶኛል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

መኪናው አሮጌ ፊያት ነው፤ 682 ኤን 3። ሾፌሩም ረዳቱም «ኤንትሬ» ነው የሚለው። ሞዴሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን የ682 ዘር ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ከሰሃራ በረሃ እስከ እኛ ደጋ እህልና ነዳጅ ሲያመላልስ ኖሮ «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም ወጥቶለታል። መሪው በቀኝ ነው። የዚያን ዘመን የጣልያን ከባድ መኪኖች በብዛት እንዲህ ነበሩ፤ ሾፌሩ በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሲሄድ ጎማውና የገደሉ ጠርዝ ምን ያህል እንደተራራቁ አንገቱን አውጥቶ ማየት ነበረበትና። ሊማሊሞን የወረደ ሰው የዚህ ጥቅም ሳይነገረው ይገባዋል።

የዚህኛው ኤንትሬ ሞተር ዛሬም ይነሣል። ካምቢዮው ይገባል፣ ባሌስትራው ደህና ነው። ያለቀው ላሜራው ነው። የግራ ፓራፋንጎው ዝገት በልቶት ጣት ያሳልፋል፤ የበሩ የታችኛው ክፍል በቀለም ብቻ ተያይዞ የቆመ ይመስላል፤ የካቢናው ማዕዘን ላይ የተለጠፈው ስቱኮ በእጅ ሲነካ በቁራሽ በቁራሽ ይወድቃል። የሞተር ዕቃ ቢሆን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ተፈልጎ ይገኝ ይሆናል። የኤንትሬ ፓራፋንጎስ ከየት ይመጣል?

ከጋሼ ግቢ ይመጣል! ጋሼ የምላቸው ሰው ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ ባትላሜራ ናቸው። አሁን ጋራዡን ትተው እቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣም አይፈልጉም። ዕቃቸውን ብታዩ ትስቃላችሁ። አሸዋ የሞላ የቆዳ ስልቻ አለ። መሃሉ የተቦረቦረ የባሕር ዛፍ ጉማጅ አለ። ከወይራ የተጠረበ፣ አንድ ጫፉ የሾለ፣ ሌላው ጫፉ የተድበለበለ መዶሻ አለ። ከአሮጌ ባሌስትራ ተቆርጠው የተሞረዱ፣ ከላሜራው ጀርባ ደገፍ የሚደረጉ ብረቶች አሉ። አንድ ክንድ የሚሆን የባቡር ሐዲድ ቁራጭም አለ፤ ባቡር በማያልፍበት አገር እንዴት እንደተገኘ አልጠየቅሁም። ሞርሳ፣ የላሜራ መቀስ፣ ፒንሳ፣ የካርባይድ ችቦ። አበቃ! ሌላ ነገር የለም።

ሥራው በመዶሻ ይጀምራል ብላችሁ ከሆነ አይደለም፤ በካርቶን ነው የሚጀምረው። በቀኝ በኩል ያለው ፓራፋንጎ ደህና ስለነበር ጋሼ በየስንዝሩ ካርቶን እያስጠጉ የጉብታውን ልክ ቆረጡ። ግራው የቀኙ ግልባጭ ነውና ካርቶኖቹን አዙሮ መጠቀም ይቻላል። ከዚያ ባለ 6 ሚሊ ፌሮ በካርቶኖቹ ልክ እያጠፉና እየበየዱ የፓራፋንጎውን አጽም አቆሙ። ብረቱ በየትኛው በኩል ምን ያህል እንደሚያብጥ ገና ላሜራ ሳይቆረጥ ታያላችሁ። በመጨረሻም ባለ 1 ሚሊ ላሜራ፣ ከሚፈለገው ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ተቆረጠ።

ቀጥሎ የመጣው ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

«ጋሼ፣ አሁን ይኼ ጠፍጣፋ ነገር እንዴት ነው እንዲያ የሚሆንልዎ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያለው ሁለት ነገር ነው» አሉኝ። «መሃሉን ስትመታው ይሰፋል፤ ጫፉን ስትሰበስበው ይጠባል። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ልጅ ነው።»

ላሜራን ወደ አንድ አቅጣጫ ማጠፍ ማንም ይችላል፤ የምድጃ ቱቦ የሚሠራ ሁሉ ያደርገዋል። የፓራፋንጎ ትከሻ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎብጣል፤ ከፊት ወደ ኋላም፣ ከላይ ወደ ታችም። እንዲህ ያለ ጉብታ በማጠፍ ብቻ አይገኝም። የግድ የላሜራው ስፋት ራሱ መለወጥ አለበት፤ አንዱ ቦታ መብዛት፣ ሌላው ቦታ ማነስ አለበት። ላሜራው ስልቻው ላይ ተቀምጦ በተድበለበለው የመዶሻ ጫፍ ሲመታ የተመታው ቦታ ይሳሳል፤ የሳሳው ብረት መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ታች ያብጣል። አሸዋው ደግሞ ቦታ እየለቀቀ ይቀበለዋል። ይህ እሺ፣ ለማመን አይከብድም።

መጥበቡን ግን ስሙኝ! ብረት በመዶሻ ተመትቶ ያንሳል ቢሉኝ በጭራሽ አላምንም ነበር። ጋሼ የላሜራውን ጫፍ የጉማጁ ጉድጓድ ላይ አድርገው ሲመቱት ጫፉ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተጨማደደ። የተበላሸ ነበር የመሰለኝ። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። እያንዳንዱን ሽንሽን ከጫፉ በኩል፣ መውጫውን ዘግተው፣ ቀስ እያሉ መምታት ጀመሩ። የታጠፈው ብረት ወደ ውጭ መዘርጋት ስለተከለከለ ወደ ራሱ ገባ። ሽንሽኑ ጠፋ፤ ጫፉ ወፈረ፤ የጠርዙ ርዝመት አጠረ፤ መሃሉ ማንም ሳይነካው ከፍ አለ! አንዴም ሳይቆረጥ፣ አንዴም ሳይበየድ። እኔ በዚያች ሰዓት ግቢው ውስጥ ብቻዬን አጨብጭቤአለሁ።

ይኸው ጥበብ በእሳትም ይሠራል። ከመጠን በላይ የሰፋ ቦታ ሲኖር ላሜራው በጣት ሲነካ ቀጭ ቋ ይላል፤ ገባ ወጣ እያለ አልረጋ ይላል። ጋሼ ከመሃሉ የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ በካርባይድ ችቦ ያቀሉታል። የጋለው ነጥብ መስፋት ይፈልጋል፤ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት አይለቅለትም፤ ስለዚህ ባለበት ይወፍራል። ፈጥነው በመዶሻ መታ መታ ያደርጉትና በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዙታል። ሲቀዘቅዝ ከበፊቱ ያነሰ ይሆናል፤ ዙሪያውንም ስቦ ይወጥረዋል። ቀጭ ቋ ያለው ቦታ ጸጥ ይላል። ኃይሉ ሁሉ ያለው በዙሪያው ባለው ያልጋለ ብረት ላይ መሆኑ ነው የሚያስገርመው።

ድምፁንም መርሳት አይቻልም። ብረት በተመታ ቁጥር ይጠነክራል። መጀመሪያ ድፍን የነበረው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየጠራ ይሄዳል፤ ከልኩ ሲያልፍ ላሜራው አልታዘዝ ይላል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። ጋሼ ድምፁን ሰምተው ነው መዶሻውን የሚያስቀምጡት። ላሜራውን አቅልተው፣ በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ትተው፣ ቡና ያስፈላሉ። ሲመለሱ ብረቱ እንደገና ለስልሷል።

አሁን ደግሞ ወደ ጣልያን ልውሰዳችሁ። ኤንትሬ በወጣበት በዚያው በ1962፣ በዚያው አገር፣ ሞዴና ከተማ ውስጥ የሰርጂዮ ስካሊየቲ ባለሙያዎች የፌራሪ 250 ጂቲኦን አካል ይቀጠቅጡ ነበር። ያ መኪና በጠቅላላ 36 ብቻ ነው የተሠራው፤ ዛሬ አንዱ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ስካሊየቲ በምን ይሠራ ነበር? በአሸዋ ከረጢትና በመዶሻ! ልዩነቱ እነሱ አሉሚኒየም መምታታቸው ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ አስቀድሞ ስለማይቀላ ችቦ የያዘውን ሰው ሳያስጠነቅቅ ይፈስሳል። እንጂ ስልቱ አንድ ነው። በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት መኪኖች አንዱና ደባርቅ ግቢ ውስጥ የቆመው የእህል መኪና በአንድ ዓይነት እጅ ይወለዳሉ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው «ታዲያ በምን ሊሠሩት ኖሯል?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

መኪናውና ሙያው ወደዚህ አገር የመጡት አብረው ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ ከገደሉ ላይ ሲጠርብ፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የምንለው ፊያት 634 ጭነቱን ይዞ ይወጣ ይወርድ ነበር። ሊማሊሞ አናት ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ መንገዱና ሙያው ግን እዚሁ ቀሩ። ደግሞስ ብረት መምታት ለዚህ ምድር መቼ አዲስ ነገር ሆነ? በወገራና በሰሜን የቤተ እስራኤል አንጥረኞች በወናፍና በመስፍ ማረሻና ማጭድ ሲያወጡ ኖረዋል። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጠው ቴዎድሮስ እንኳ ዘውድ የጫነው በዚሁ በሰሜን፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ደረስጌ ማርያም ነው፤ 1847 ዓ.ም.።

ቅጥቅጥ አይሱዙንም በአዲስ ዓይን ማየት ጀምሬአለሁ። የጭነት መኪና ቴላዮ ላይ የአውቶቡስ አካል አገር ውስጥ ተሠርቶ ሲጫንበት ስንቱ ሰው ያላግጣል! እኔ አሁን መናኸሪያ ስገባ ትኬት ከመቁረጤ በፊት የጣሪያውን ማዕዘን ነው በእጄ የምዳስሰው። አንዳንዱ ማዕዘን በቁርጥራጭ ተበይዶ በስቱኮ የተሸፈነ ነው፤ አንዳንዱ ግን አንድ ወጥ ላሜራ ሆኖ ይዞራል። የኋለኛውን የሠራው ሰው ጫፍ መሰብሰብ ያውቃል። ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ ባመሰገንኩት!

ስቱኮን በተመለከተ ደግሞ አቋሜ የከረረ ነው። ላሜራውን ሳያስተካክሉ ሁለት ጣት ስቱኮ መለጠፍ ለጎንደር አስፋልት ይበቃ ይሆናል። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ፣ መካነ ብርሃን የሚዘልቀው መንገድ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ የሚለበልብ ፀሐይ፣ ሥሩ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ ብረት ይለመጣል፤ ስቱኮ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ዝገቱ ከውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። በመዶሻና በድጋፍ ብረት በደንብ የተለሰለሰ ላሜራ እንደ ወረቀት የሳሳ ስቱኮ ይበቃዋል፤ ጋሼማ እሱንም የሚቀቡት ቅር እያላቸው ነው።

ለመሞከር እጃችሁ ከበላችሁ ጥቂት ነገር ልበል። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አይሆንም፤ ሲበዛ ስስ ነው፣ ዚንክ ስለተቀባም ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል። የበርሜል ላሜራ ጥሩ ውፍረት አለው፤ ዳሩ ግን ነዳጅ ይዞ የነበረ በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳልና በሚገባ ሳይታጠብ እሳትም ሆነ ግራይንደር እንዳይነካው። ብየዳው ከተቻለ በካርባይድ ይሁን። የካርባይድ ብየዳ ለስላሳ ስለሆነ መዶሻ ይቀበላል፤ የኤሌክትሮድ ብየዳ ባለ 1 ሚሊ ላሜራን ይበሳዋል፤ ካልበሳውም ጠንካራ ጠባሳ ትቶበት ይሄዳል። መስመሩን በአንድ ትንፋሽ አትበይዱ፤ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነጥብ እያደረጋችሁ ሙቀቱን በትኑት፤ አለዚያ ላሜራው ይንጋደዳል። መነጽር አድርጉ፤ ጆሯችሁንም ድፈኑ። ጋሼ ሁለቱንም አያደርጉም፤ በዚህ ብቻ አትከተሏቸው።

የግራው ፓራፋንጎ አልቋል፤ አንቲረስት ተቀብቶ በቦታው ታስሯል። ከቀኙ ለመለየት ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል፤ የፋብሪካው ሥር ለጥ ያለ ሲሆን የጋሼ ሥር ላይ የመዶሻ ምልክት ተርታውን ይታያል። ሆን ብለው ነው ያላጠፉት። በሩም ግማሽ ደርሷል። የቀረው የካቢናው ጣሪያ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው ይላሉ። ጉብታው በጣም ትንሽ፣ ስፋቱ በጣም ትልቅ ነው። እንደ ፓራፋንጎ ትከሻ በኃይል የጎበጠ ላሜራ ራሱን አጽንቶ ይቆማል፤ ለጥ ያለው ግን አንዲት ያለ ቦታዋ ያረፈች የመዶሻ ምት ሙሉውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያንን ለማረም ሌላ ምት፣ ያንንም ለማረም ሌላ። ጋሼ ላሜራውን አስገዝተው ግድግዳ ላይ አስደግፈውታል። ዝናቡ ሳይጀምር ይጀመራል ብለዋል፤ እኔም ከጉማጁ አጠገብ መቀመጫዬን ይዤአለሁ።