ከክሊኒክ የተመለሰችው ድመት

ብዙ ሴት ድመቶች ባሉበት ግቢ አንዷን ለይቶ ማከም የለም። ትምህርት ቤት ስለ ቁስሉ፣ ስለ ክትባቱና ስለ ማደንዘዣው መጠን ያስተምራል፤ ቤት የቀሩት እህቶቿ እንዴት እንደሚቀበሏት የሚያስተምረው ግን ሥራው ነው። ድመት ባመከንኩ ማግስት የሚደወልልኝ ብዙውን ጊዜ ስለ ስፌቱ አይደለም። «ዶክተር፣ እህቷ ልትበላት ነው! አብረው ያደጉም አይመስሉ» ይሉኛል።

ነገሩ የሽታ ነው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ይቀራረባሉ፤ ጉንጫቸውንና ጎናቸውን ይተሻሻሉ፤ ይላላሳሉ። በዚህም ሽታቸው ተቀላቅሎ የጋራ ይሆናል። ክሊኒክ የዋለችው አልኮልና የማታውቀውን ውሻ ሸትታ ስትመለስ፣ ዓይን «እሷው ናት» ቢልም አፍንጫ እሺ አይልም። ስለዚህ ለብቻዋ ክፍል ትቆይ፣ የሁለቱንም ገላ በአንድ ጨርቅ እሹት፣ በተዘጋ በር ግራና ቀኝም አብሏቸው እላለሁ። ከተቻለ ደግሞ እህትማማቾችን በአንድ ቀን አመክናለሁ፤ ሁለቱም እኩል ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታሉ።

ድመት ብቸኛ ናት የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት አለው። የዱር ቅድመ አያቷ ለብቻዋ አዳኝ ናት፤ የቤቷም ብትሆን አይጥ የምትይዘው ብቻዋን ነው። ምግብ አንድ ቦታ በሚገኝበት ግን፣ በሥጋ ቤት ጓሮ ወይም በእህል መጋዘን፣ ሴቶቹ ይሰባሰባሉ፤ እናት፣ ልጅ፣ አክስት። ወንዱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ዴቪድ ማክዶናልድና ፒተር አፕስ የእንግሊዝ አገር የእርሻ ቤት ድመቶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ፣ ዘመዳሞቹ እናቶች ልጆቻቸውን በአንድ ጎሬ አድርገው የአንዷን ልጅ ሌላዋ ስታጠባ ማየታቸውን ገልጸዋል።

ይህ ለኔ ሙያ የሚያስቅም የሚያስጨንቅም ነው። ዓይኗ በጉንፋን የተጣበቀ ጨቅላ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከስንት እናት ትጠባለች?» ብዬ ነው። ባለቤቶቹ ይስቃሉ። ጎሬው የጋራ ከሆነ ግን ጉንፋኑም የጋራ ነው፤ አንዷን አክሜ የቀሩትን ሳላይ ብሰዳት ሥራዬ ግማሽ ነው።

መልካም ጎኑ እናት የሞተች ዕለት ይታያል። ጡጦ ከመፈለግ በፊት በግቢው የምታጠባ አክስት መኖሯን ጠይቁ። ካለች ጨቅላዎቹን ከራሷ ልጆች ጋር አሻሽታችሁ አጠገቧ አስተኟቸው፤ ብዙ ጊዜ ልሳ ትቀበላቸዋለች። የላም ወተት ግን አትስጧቸው፤ ያስቀምጣቸዋል።