አሥራ አንድ ስሞች፦ ባርባራ ጆርዳን በቴክሳስ ሴኔት

ስለ ባርባራ ጆርዳን ሲጻፍ ሁለት ንግግሮቿ ይቀድማሉ፤ በ1974 የፕሬዚዳንት ኒክሰን ክስ ሲመረመር በተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ያደረገችውና በ1976 በዴሞክራቶች ጉባኤ ያሰማችው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ንግግሮቹ ክብራቸው ይገባቸዋል። ይሁንና ፖለቲካዋን በአንደበቷ ብቻ የሚመዝን ታሪክ ዋናውን ሙያዋን ይስታል። ባርባራ ከሁሉ በፊት የደንብና የቆጠራ ሰው ነበረች። ይህን ሙያ የተካነችውም ዋሽንግተን ከመግባቷ በፊት፣ ኦስቲን ላይ፣ በቴክሳስ ሴኔት በቆየችባቸው ስድስት ዓመታት ነው።

በ1936 ሂውስተን ውስጥ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወለደች። አባቷ የባፕቲስት ሰባኪና የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። በቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ የክርክር ቡድን ስሟ ከገነነ በኋላ በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ ተመለሰች፤ ጥብቅናዋንም በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጀመረች። በ1962 እና በ1964 ለግዛቲቱ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድራ ሁለቴም ወደቀች። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እጩዎች የሚመረጡት በመላው ሃሪስ ካውንቲ ድምፅ ስለሆነ፣ ጥቁሩ ሰፈር ነቅሎ ወጥቶ ቢመርጣትም ድምፁ በነጮቹ ብዛት ይዋጣል። በግዛት ምርጫ ድምፅ ለመስጠት ደግሞ አስቀድሞ ግብር መክፈል ግዴታ ነበር።

በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛት ምክር ቤቶች ወንበር በሕዝብ ቁጥር እንዲደለደል ወሰነ፤ በ1966 ደግሞ የምርጫ ግብሩ በፍርድ ቀረ። ቴክሳስ የምርጫ ክልል ካርታዋን እንደገና ለመሳል ስትገደድ 11ኛው የሴኔት ምርጫ ክልል ለባርባራ በር ከፈተ። በዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ የገጠማት ቻርሊ ዊትፊልድ ነጭ ሰው ማሸነፍ ይችል እንደሆነ መራጩን የሚጠይቅ ወረቀት በተነ። እሷ ግን በእጥፍ ገደማ ድምፅ ረታችው። ከ1883 ወዲህ በዚያ ሴኔት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ ከጥቁር ሴቶች ደግሞ ከእሷ የቀደመች አልነበረችም። ሁለቴ የወደቀችውና አሁን ያሸነፈችው ያችው ሴት ናት፤ አንደበቷም ያው ነው። የተለወጠው ካርታው ነበር፤ ይህንንም ከእሷ የተሻለ የተረዳ አልነበረም።

ከ31 ሴናተሮች መካከል ብቸኛዋ ሴትና ብቸኛዋ ጥቁር ነበረች። በዚያ ቤት የዚያን ጊዜ ልማድ አንድ ረቂቅ ለውይይት የሚቀርበው ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙ ነበር፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ ረቂቁ እዚያው ይቀር ነበር። የመራጮችን ምዝገባ የሚያጠብቅ ረቂቅ በመጣ ጊዜ ባርባራ መድረክ ላይ ወጥታ አላወገዘችም። ባልደረቦቿን አንድ በአንድ እያነጋገረች የአሥር ሴናተሮችን ቃል ያዘች፤ የራሷን ስም ጨምራ አሥራ አንድ ሞላች። ከዚያ ወደ ረቂቁ ባለቤት ሄዳ ቆጠራውን ነገረችው። ነገሩ በዚያው አለቀ። ለእኔ ይህ ትዕይንት ከ1974ቱ ንግግር ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ምክንያቱም የብዙ ሺህ ድሆች የመምረጥ መብት ያለ አንድ ጭብጨባ ተጠብቆበታል። በ1969 የቴክሳስ የመጀመሪያው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እንዲወጣ ስትሠራም መንገዷ ይኸው ነበር።

ይሁን እንጂ ይኸው ሙያ ጥላ አለው። ከ1970 ሕዝብ ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ አንድ ተጨማሪ የኮንግረስ ወንበር አገኘች። ባርባራ በሴኔቱ የምርጫ ክልል አካላይ ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ሳለች የሂውስተንን እምብርት የያዘው 18ኛው ክልል ተቀረጸ፤ በ1972 የተወዳደረችውም እዚያ ነው። ከእሷ ጋር በ1966 ለግዛቲቱ ተወካዮች ምክር ቤት የተመረጠው ጥቁር ፖለቲከኛ ከርቲስ ግሬቭስ የጥቁሩን የሴኔት ወንበር ለራሷ ዕድገት ለውጣዋለች ብሎ ከሰሳት። ከዚያው ቆጠራ በኋላ የተሳለው አዲሱ የሴኔት ካርታ የቀድሞውን ክልሏን በጣጥሶታልና። መራጩ በ80 በመቶ ገደማ ድምፅ ለእሷ ፈረደ። የምርጫ ውጤት ግን የታሪክ ፍርድ አይደለም። እሷ ከወጣች በኋላ የቴክሳስ ሴኔት እስከ 1983 ጥቁር አባል አላየም፤ ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ኤዲ በርኒስ ጆንሰን የገባችው በ1987 ነው። የግሬቭስን ቁጣ በቅናት ብቻ መተርጎም ለባርባራ መወገን እንጂ እሷን መረዳት አይደለም። ካርታ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ አሳምራ የምታውቅ ሴት ስለነበረች፣ ጥያቄው ለእሷ በተለይ ተገቢ ነበር።

ሰኔ 10 ቀን 1972 በሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንትነቷ የአንድ ቀን አገረ ገዥ ሆና ዋለች። በሥነ ሥርዓቱ የተገኙት አባቷ በዚያው ዕለት ታመው በማግስቱ አረፉ።

ኮንግረስ ከገባች በኋላ በጠባቡ የፖለቲካ ሒሳብ የማያዋጣትን ሥራ ያዘች። በ1975 የምርጫ መብት ሕጉ ሲታደስ ጥበቃው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን ጨምሮ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ዜጎች እንዲሰፋ፣ ቴክሳስም በሕጉ ቁጥጥር ሥር እንድትገባ ታገለች፤ የገዛ ግዛቷ ባለሥልጣናት ተቃወሟት። ረቂቁ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ቴክሳስ ማንኛውንም የምርጫ ክልል ካርታ ሥራ ላይ ከማዋሏ በፊት ለፌደራል መንግሥት አቅርባ ማስፈቀድ ነበረባት፤ ግዴታው የተነሣው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሰጠው ውሳኔ ነው።