ጥፋትና አንድ ሺህ ብር

የሕግ ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን ከሁሉ አስቀድሞ ያደናገረኝ «ጥፋት» የሚለው ቃል ነበር። ተወልጄ ባደግኩባት በውርጌሳ የሰውየው በደልም ጥፋት ይባላል፣ የወደመው ማሽላም ጥፋት ነው። መምህራችን «ያለ ጥፋት ኃላፊነት» ሲሉ፣ «ምንም ካልጠፋ ምን ይከፈላል?» ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

ያ ሳቅ ዛሬ የሂሴ መነሻ ይሁንልኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል ከአንቀጽ 2027 ይጀምራል፤ ሰው በጥፋቱ፣ ያለ ጥፋቱም፣ በሌላ ሰው ሥራም ሊጠየቅ እንደሚችል ይገልጻል። ተርጓሚዎቹ የመረጡት ቃል ቤተኛ ነው፤ ስሕተት ነው አልልም። ነገር ግን በደሉንና ውድመቱን አንድ ላይ ያቀፈ ቃል ለጀማሪ ወጥመድ ነው። ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው ጥሩ ማብራሪያ ደግሞ፣ ጆርጅ ክርዜቹኖቪች እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ በእንግሊዝኛ ነው። የራሳችንን ቃል በባዕድ ቋንቋ እናጠናለን ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን ለውርጌሳ እንግዳ አይደለም። አንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት ያመለጠው ባለቤት እንኳ ከመጠየቅ እንደማይድን ይደነግጋል። ሽማግሎቻችንም ማሽላ የበላ በሬ ሲያዝ አስቀድመው «የማን ነው?» ይላሉ፤ እረኛው ተኝቶ እንደ ነበር የሚጠየቀው ኋላ ነው።

ሕጉን የምነቅፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በውርጌሳ ያልፋል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የጎረቤታችንን ትንሽ ልጅ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት። ለክረምት ስመለስ አባትየው፣ «አንተ ልጅ፣ ሕጉ ምን ይላል?» አሉኝ። አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት ያለ ጥፋቱም እንደሚያስጠይቅ በኩራት ነገርኳቸው። ካሳው ስንት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ኩራቴ ሟሸሸ። የወደመ ንብረት በልኩ ይካሳል። ሕፃን ግን ደመወዝ የላትም፤ የምትጦረውም ቤተሰብ የለም፤ የቀረው የወላጅ ሐዘን ነው። ለዚህ አንቀጽ 2116 ዳኛውን ወደ አካባቢው ልማድ ከመራ በኋላ፣ እዚያው ላይ ከአንድ ሺህ ብር እንዳያልፍ ያግደዋል።

«አንድ ሺሁን ማን ቆጠረው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ለለቀስተኛው ቁርስ አይበቃም። ልማድን አዳምጥ የተባለ ዳኛ ልማዱ የነገረውን እንዳይፈርድ በቁጥር መታሰሩ የክፍሉ ትልቅ ጉድለት ነው እላለሁ። የ«ጥፋት»ን ትርጉም ጎበዝ መምህር ያቃናዋል፤ ይህን ቁጥር የሚያቃናው ግን ሕግ አውጪው ብቻ ነው።