«ስድስተኛው ጎሳ»፦ የአንድ ስያሜ ንባብ

ስለ ሶማሊ ሴቶችና ስለ ሰላም ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሣው ቡራንቡር ነው። ተመራማሪዎች ይህን የሴቶች የግጥም ዘውግ የወንዶች ከሚባለው ከገበይ ጋር እያነጻጸሩ የእናትን ኀዘንና የእርቅን ጥሪ ይፈልጉበታል። ፍለጋው ተገቢ ነው፤ ዘይነብ መሐመድ ጃማ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት እንዳመለከቱት፣ የሴቶች ግጥም በአስተላላፊ እጦት ከአደባባይ ርቆ ቆይቷልና። ሆኖም የሴቶችን የፖለቲካ ቋንቋ በግጥም ብቻ የሚፈልግ ሐያሲ ከሁለት ቃላት የማይበልጠውን ብርቱ ድርሰት ያልፈዋል፤ ይኸውም «ስድስተኛው ጎሳ» የሚለው ስያሜ ነው።

ስያሜው የገነነው እ.ኤ.አ. በ2000 በጅቡቲ፣ አርታ ላይ በተካሄደው የሶማሊያ የሰላም ጉባኤ ነው። ውክልናው በጎሳ ነበር፤ አራቱ ታላላቅ ጎሳዎች፣ አምስተኛም የአናሳዎች ስብስብ። አሻ ሐጂ ኤልሚና ባልደረቦቻቸው በየጎሳቸው በኩል ድምፅ ስላላገኙ፣ ሴቶች ራሳቸውን ችለው እንደ አንድ ጎሳ እንዲቆጠሩ ጠየቁ። ከ245ቱ የሽግግር ምክር ቤት መቀመጫዎች 25ቱ ለሴቶች ተመደቡ።

ስያሜውን «ሴቶች ከጎሳ በላይ ናቸው» ብሎ እንደ ዘይቤ ብቻ መተርጎም የተለመደ ነው። ይህ ንባብ ጎደሎ ነው። በሶማሊ ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ጎሳ አትለቅም፤ ልጆቿ ግን የባሏ ጎሳ ናቸው። ወንድሞቿና ልጆቿ በተፋለሙ ጊዜ ሁለቱም ወገን ይፈልጋታል፤ በሸንጎ ግን አንዱም ወኪሉ አያደርጋትም። የደም ካሳ በተለምዶ ለወንድ 100፣ ለሴት 50 ግመል ይቆጠራል። ጎዶብሬብ በሚባለው ልማድ ደግሞ ልጃገረድ ለተበዳዩ ወገን ትዳራለች፤ ደምም በእርሷ ይደርቃል። እንግዲህ በነባሩ የእርቅ ቋንቋ ውስጥ ሴት አለች፤ ነገር ግን በሰዋስው አነጋገር ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለችም። ስያሜው የለወጠው ይህንኑ ነው፤ ስትሰጥ የኖረችውን ሰላም ሰጪ አደረጋት።

ይሁንና ስያሜው የተዋሰው ሕግ መልሶ ሊያስረው ይችላል። አሻ ሐጂ ኤልሚ እ.ኤ.አ. በ2004 በኬንያው የሰላም ሂደት ከፈራሚዎቹ አንዷ ሆኑ፤ የዚያው ዓመት የሽግግር ቻርተርም ከ275ቱ የምክር ቤት አባላት ቢያንስ 12 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ደነገገ። መቀመጫዎቹን ያከፋፈለው ግን «አራት ተኩል» የሚባለው የጎሳ ቀመር ነበር። በዚህ ቁጥር ውስጥ ስድስተኛ የለም። ሴቶቹ መቶኛ አገኙ፤ በአርታ በስማቸው የተቆጠረው ጎሳ ግን ተመልሶ በየጎሳው ውስጥ ተበተነ። ስለዚህ ስያሜውን እያወደሱ ከቀመሩ ጋር አለማስተያየት ግማሽ ሂስ ነው።

ለአማርኛ ተርጓሚም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። «ስድስተኛው ወገን» ወይም «ስድስተኛው ማኅበር» ቢባል ለጆሮ ይለሰልሳል። ዳሩ ግን ሰው የብዙ ወገን፣ የብዙ ማኅበርም አባል መሆን ይችላል፤ ጎሳው አንድ ነው። በአርታ አዳራሽ መቀመጫ የሚጠየቀው በጎሳ ስም ነበር። ቃሉ ከለሰለሰ፣ ጥያቄው አብሮት ይለሰልሳል።