ፈረቃና ሶምሶማ

በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ትልቅ ሴት ጎህ ሳይቀድ ስትሮጥ ከታየች ሰው ሞቷል ማለት ነው። ካልሞተም ታሟል፤ ካልታመመም ከብት ጠፍቷል። መሮጥ የጀመርኩ ሰሞን በጎቻቸውን ወደ ግጦሽ የሚነዱ አንድ ጎረቤታችን በርኖሳቸውን እንደተከናነቡ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? ማን ነው?»

«ማንም አይደለም ጋሼ፤ ስፖርት ነው።»

«ኧረ ተይ፤ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልደነግጥም።»

እስካሁንም ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም። ዛሬ ግን ሲያዩኝ ዱላቸውን ከፍ ያደርጉልኛል፣ እኔም እጄን አነሣለሁ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ሦስት። ባለቤቴ የደብረ ብርሃን መስመር ሾፌር ስለሆነ መንገዱ ሰላም ሲሆን የሳምንቱን ግማሽ ውጭ ያድራል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ የት እንደሚያድር እሱም አያውቅም። አማቴ፣ እማማ የምንላቸው፣ አብረውን ይኖራሉ። መሮጥ ከጀመርኩ አምስት ዓመቴ ነው፤ ትንሹን የወለድኩት መሐል ላይ ነው። ሜዳልያ የለኝም። ታላቁ ሩጫ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳትፌ በሁለቱም ጊዜ ከጨፋሪዎቹ ጋር ተቀላቅዬ ነው የገባሁት። ስለ ፍጥነት የምመክረው ነገር ስለሌለኝ የማውቀውን ልጻፍ፤ ሥራ፣ ልጅና ልምምድ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ፣ ብዙ ጊዜም እንዴት እንደማይገቡ።

የመጀመሪያውን ፕላኔን ከስልክ ላይ ገለበጥኩት። የአሥራ ሁለት ሳምንት ነበር። በስኩዌር ደብተር ላይ በማስመሪያ አስምሬ፣ ቀላሉን በሰማያዊ፣ ከባዱን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። ሰኞ እረፍት፣ ማክሰኞ ስፒድ፣ ረቡዕ ሶምሶማ፣ ሐሙስ ዳገት፣ ዓርብ ሶምሶማ፣ ቅዳሜ ረጅሙ፣ እሑድ ማፍታቻ። ሲያዩት ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት ቀዩ ሁሉ በእርሳስ ተሰርዞ ነበር። ፕላኑን ያወጣው ሰው ልጅ የለውም፤ ካለውም የሚያሳድግለት ሌላ ሰው ነው።

ደግሞም ያ ሰው እዚህ አልሮጠም። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ አንድ ጊዜ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክሲጅን፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። እዚሁ ተወልደን ስላደግን ደማችን ለምዶታል፤ ቢሆንም ፈጣን ምልልስ ላይ አየሩ ሒሳቡን ይጠይቃል። የአዲስ አበባ አትሌቶች ለሶምሶማ እንጦጦ ይወጣሉ፣ ፍጥነት ሲፈልጉ ወደ አቃቂ ዝቅ ይላሉ። እኔ ዝቅ ልበል ብል የሚጠብቀኝ ገደል ነው። ስለዚህ ኪሎ ሜትር መቁጠር ትቼ በደቂቃ መሮጥ ጀመርኩ፤ በምልልሶቹ መካከል ፕላኑ አንድ ደቂቃ እረፍት ሲል እኔ ሁለት ወሰድኩ። ሶምሶማዬ በእርግጥ ሶምሶማ መሆኑን የማውቀው ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ድምፄን አውጥቼ በመድገም ነው። መሐል ላይ ትንፋሼ ከተቆረጠ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። እማማ ይህን የሰሙ ቀን ደስታቸውን አልቻሉትም፤ «የእኛዋ እኮ እየጸለየች ነው የምትሮጠው» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሱልኝ።

ይሁንና በበዓል ቀን ጉዳይ አልተስማማንም።

«በሚካኤል?» አሉኝ አንድ ቀን ጫማዬን ሳስር አይተው።

«ሥራ አይደለም እኮ እማማ።»

«ላብሽ ይወርድ የለም እንዴ?»

መልስ አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ በወሩ 12ና 21 ላብ የማያስወርድ ሩጫ ብቻ እሮጣለሁ፤ በመሐል ሜዳ ብርድ ይህ አያስቸግርም። ረቡዕና ዓርብም ጾም ስለሆነ ከባድ ልምምድ አላስገባባቸውም። ባዶ ሆድ ዳገት ወጥቼ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ አርባ ተማሪ ሲያየኝ ዓይኔ ጭልም ያለብኝ ቀን አለ።

ፕላኑን የገደለው ግን ጾሙም በዓሉም አልነበረም፤ ፈረቃው ነው። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት አስተምራለሁ። ከሰዓት በምገባበት ሳምንት ልጄ ወደ ትምህርቷ ትሄዳለች፣ ትንሹ ከእማማ ጋር እሳት ዳር ይቀራል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣ አመዳዩ ከሣሩ ላይ ረግፏል፣ ፀሐይ አለ፣ ውሾቹም ጠግበው ተኝተዋል። ጠዋት በምገባበት ሳምንት ያለኝ ሰዓት ሌሊት አሥራ አንድ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላውን ውሃ ወረፋው፣ ልብስ አጠባው፣ የፈተና ወረቀቱ ተካፍለው ጨርሰውታል።

የአሥራ አንድ ሰዓቱን ነገር ትንሽ ላውራ። ማታ ቱታዬን ለብሼ ነው የምተኛው። ቀሚሴ በር ላይ ተሰቅሏል፤ ከከተማ እስክወጣ ቱታው ላይ እደርበዋለሁ፣ ከዚያ ወገቤ ላይ አስረዋለሁ። ባትሪና ዱላ ከበሩ ጀርባ ናቸው፤ ባትሪው ለመንገዱ፣ ዱላው ለውሻ። የበሩ ማጠፊያ ሲጮህ ትንሹ ስለሚነቃ በምግብ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ አንድ እግሬን ከደፍ ሳሳልፍ፣

«እማዬ፣ ሄድሽ?»

«አልሄድኩም።»

ከነጫማዬ ተመልሼ አጠገቡ እጋደማለሁ። እግሩን ሆዴ ላይ ያወጣና እንዳልነሣ ይጫነኛል። ትንፋሹ እስኪከብድ እጠብቃለሁ፤ ለካ እኔም ትንፋሼ ከብዶ ኖሮ፣ ስባንን ዶሮው ሁለተኛውን ጮኋል። ደብተሩ ላይ «40 ደቂቃ» ተብሎ ነበር። የሮጥኩት አሥራ ሁለት ነው፤ አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ሁለት ዓመት ያህል እነዚህን ሁለት የማይመሳሰሉ ሳምንታት በአንድ ፕላን ለማስገደድ ታገልኩ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ የጋራ ብዜት እያስተማርኩ ሳለ ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የእኔ ሳምንት ሰባት ቀን አይደለማ! ፈረቃው ዞሮ የሚገጥመው በአሥራ አራት ቀን ነው። ማታውኑ ደብተሩን አዙሬ የአሥራ አራት ቀን ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ሦስት ከባድ ልምምድ፤ ማክሰኞ ፋርትሌክ (ፍጥነት እየቀያየሩ መሮጥ)፣ ሐሙስ ዳገት፣ ቅዳሜ ረጅሙ። በጠዋት ፈረቃ ሳምንት የቅዳሜው ብቻ፤ የቀረው የተገኘውን ያህል ሶምሶማ፣ ካልተገኘም ምንም። ከከባድ ሳምንት በኋላ ቀላል ሳምንት ማስከተል አሠልጣኞች የሚሠሩበት ዘዴ እንደሆነ ያነበብኩት ቆይቼ ነው። እኔን ያሠለጠነኝ የፈረቃ ድልድል ነው።

ጃፓናዊውን ማራቶነኛ ዩኪ ካዋውቺን የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ሳይታማ በሚባለው አውራጃ በትምህርት ቤት የአስተዳደር ሠራተኛ ነበር፤ እኩለ ቀን አካባቢ ገብቶ ማታ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ። ሌሎቹ ማራቶነኞች በቀን ሁለቴ ሲሮጡ እሱ አንዴ ይሮጥ ነበር፤ ከሳምንቱም ከባድ ልምምዱ ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ የቀረው ሶምሶማ። ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ቦስተን ላይ ዝናብና ነፋስ ተቀላቅሎ ስመ ጥሮቹ አንድ በአንድ ሲያቋርጡ፣ እሱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አሸነፈ። ሰዓቱ ለማራቶን አሸናፊ ቀርፋፋ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን አየር ሳየው የሐምሌ መሐል ሜዳ መሰለኝ፤ የደመወዝተኛ ሰው አየር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ትንሹ ትኩሳት ይዞት ሦስት ሌሊት አልተኛንም። የከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ነበር፤ ፋርትሌኩም ዳገቱም አመለጡኝ። ልጁ ዓርብ ሲሻለው ደብተሬን ገለጥኩና እንደ ሱቅ ዱቤ ደመርኩት፤ ይህን ያህል አለብኝ። ዓርብ ፋርትሌኩን፣ ቅዳሜ ዳገቱን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ረጅሙን ሮጥኩ። እሑድ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል እንደሮጥኩ ግራ ባቴ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። እያነከስኩ ቤት የገባሁት በአህያ ጭኖ ከሚሄድ ልጅ ኋላ ኋላ ነው፤ አህያዋ ትቀድመኝ ነበር።

አምስት ሳምንት አነከስኩ። መሮጥ አለመቻሌ አይደለም ያንገበገበኝ። ትንሹ ገና ከሕመሙ ስላላገገመ መታዘል ነበር የሚፈልገው፣ እኔ ደግሞ እሱን አዝዬ ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። እማማ በዚያ ዕድሜያቸው አንቀልባውን አምጥተው ወገባቸው ላይ አሠሩት። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያመለጠኝን አልከፍልም። ቀን ሲጠፋብኝ የምጠይቀው ከቀሩት የትኛውን ልሰርዝ ብዬ ነው፣ ቅደም ተከተሉንም አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ የሚሰረዘው ፋርትሌኩ ነው። ብዙ ሯጭ በተቃራኒው ሶምሶማውን ጥሎ ፈጣኑን ይዞ ይቀራል፤ ላብ ያየበት ስለሚመስለው። እኔ እንቅልፍ ባጣሁበት ሳምንት በዚህ ከፍታ ላይ የሮጥኩት ፍጥነት ከሰጠኝ የወሰደብኝ ሁልጊዜ ይበልጣል። ከዚያ ዳገቱ ይሰረዛል። የቅዳሜውን ረጅም ግን ቤት ካልተቃጠለ አልሰርዝም። ለጽናት ይጠቅማል፣ ልክ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን በአሥራ አራት ቀን ውስጥ «እማዬ» ወይም «ቲቸር» ብሎ የሚጠራኝ የሌለበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ እናትነትና ሩጫ ሲነሣ ደራርቱ ቱሉን ይጠቅስልኛል፤ ወልዳ ተመልሳ በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ወርቅ ወሰደች ይለኛል። እውነት ነው። እኔ ደጋግሜ የማስበው ግን የደብረ ብርሃኗን ጌጤ ዋሚን ነው። መስከረም 19 ቀን 2000 በርሊንን አሸነፈች፤ በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 24፣ ኒውዮርክ ላይ እንደገና ማራቶን ሮጠች። የታላላቅ ማራቶኖችን የነጥብ ውድድርና የግማሽ ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ለመውሰድ ነበር። ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው የተናነቀችው እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ከወለደች ገና አሥር ወር አልሞላትም፤ ጌጤም የአራት ዓመት ልጅ እናት ነበረች። ሁለት እናቶች ሌላውን ሁሉ ጥለው ሴንትራል ፓርክ ገቡ፣ ፓውላ በ23 ሰከንድ ቀደመች። ጌጤ ውድድሩን ብትሸነፍም ነጥቡን ወሰደች። ሁለት ማራቶን በ35 ቀን ማንም አሠልጣኝ አይመክርም፤ እኔም ምሳሌ ይሁነኝ ብዬ አይደለም የማነሣው። ሩጫ ለእሷ እንጀራዋ ነበር፤ የእኔ እንጀራ ጠመኔ ነው። የሚገርመኝ፣ በእነዚያ 35 ቀናት ውስጥ ያደረገችው ነገር በአብዛኛው ማረፍ መሆን አለበት፤ ከማራቶን ወጥቶ ማራቶን ለመግባት ሌላ መንገድ የለም። ያንን ግን በቴሌቪዥን ማንም አላየውም።

ማረፍን እኔ የተማርኩት እያነከስኩ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ለምርመራ ደብረ ብርሃን ሲወስደኝ በጓሳ ሣር ምድር በኩል አለፍን፤ ጭላዳዎቹ መንገዱን ሞልተው ስለነበር ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። በመስኮት ሣሩን አየሁት። መንዜ ይህን ሣር ቄሮ በሚባለው ሥርዓት መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብትም ማጭድም አይገባበትም፣ ሲደርስ ተከፍቶ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ይታጨዳል፣ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ሁሉም በፈለገው ጊዜ እየገባ ሣሩን ጎዳው፤ እንደገና እስኪያገግም ሌላ ማኅበር፣ ሌላ ጠባቂ አስፈለገው። ባለቤቴ ዝም ማለቴን አይቶ አመመሽ ወይ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ በማርፍባቸው ቀናት «እረፍት» አልጽፍም፤ «ዝግ» ብዬ ነው የምጽፈው። «እረፍት» ስል አንዳንዴ እጥሰው ነበር። «ዝግ»ን እስካሁን አልጣስኩትም።

ባለፈው ሐሙስ ትምህርት ስላልነበረ ልጄን ይዤ ዳገት ወጣሁ። ከባሕር ዛፎቹ በታች፣ ከድንጋይ ካብ አጠገብ የምትጀምር አጭር ዳገት አለችኝ፤ አርባ አምስት ሰከንድ ሽቅብ፣ በእርምጃ ቁልቁል፣ ስምንት ጊዜ። የልጄ ሥራ መቁጠር ነው፤ አንድ ስጨርስ ካቡ ላይ አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። ነፋሱ ከሰሜን ነበር። ጋቢዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ቆማለች።

ስድስተኛውን ጨርሼ ስወርድ ካቡ ላይ ሰባት ጠጠር ተደርድሯል።

«ስንት ቀረኝ?» አልኳት።

«አንድ» አለች፣ ወደ ባሕር ዛፎቹ እያየች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

ጠጠሮቹን ደግሜ ቆጠርኳቸው፤ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቀሚሴን ከወገቤ ፈትቼ ለበስኩ፣ እጇን ከብብቷ አውጥቼ በእጄ ያዝኩና ወደ ቤት ወረድን። እማማ በሶ በጥብጠው ጠበቁን። ማታ ደብተሩ ላይ «ዳገት 6» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፣ ቀና ብላ ስድስቱን አየችና ምንም ሳትል እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች።